ከጅሬን እስከ ቦንጋ፦ የቡና አገር ልብስ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መገባደጃ፣ በ1960ዎቹ፣ የየጠቅላይ ግዛቱን ባህላዊ አልባሳት የሚያሳዩ የኢትዮጵያ ፖስታ ቴምብሮች ታትመው ወጡ። ሐሳቡ ቀላልና ለዓይን የሚያምር ነው፤ ለየጠቅላይ ግዛቱ የራሱ ልብስ። ነገሩ የሚከብደው ከፋ ጠቅላይ ግዛት ላይ ሲደረስ ነው። ዋና ከተማው ጅማ ነበር። በጠቅላይ ግዛቱ ውስጥ ግን የጅማና የሊሙ ኦሮሞዎች፣ ከፋዎች፣ ዳውሮዎችና ኮንታዎች፣ ቤንቾች፣ እስከ ማጂ ድረስ ያሉ ሌሎች በርካታ ሕዝቦች ይኖሩ ነበር። እነዚህን ሁሉ በአንድ ልብስ መወከል የሚችለው ሠዓሊ ብቻ ነው።

ሙከራው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የኦቶማን መንግሥት በ1873 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢት የግዛቱን ሕዝቦች አልባሳት የያዘ ትልቅ የፎቶግራፍ መጽሐፍ አሰናድቶ ነበር። ጽሑፉን ኦስማን ሐምዲ ቤይና ማሪ ደ ሎኔ አዘጋጁት፤ ፎቶግራፉን ፓስካል ሴባህ አነሳው። በመጽሐፉ ከባልካን እስከ የመን ያለው ሕዝብ ሁሉ ቢኖርም፣ ፎቶ የተነሡት ኢስታንቡል ስቱዲዮ ውስጥ ልብሱን እንዲለብሱ የተደረጉ ሰዎች ናቸው። መንግሥታት ሕዝባቸውን በልብስ ከፋፍለው ማየት ይወዳሉ። ሰው ግን የሚለብሰው ብርዱን፣ ኪሱን፣ ሃይማኖቱንና የጎረቤቱን ዓይን እያሰበ ነው።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች የሰው አለባበስ እንዴት እንደመጣ ለማወቅ ከገበያ መነሳት ይሻላል።

የዛሬዋ የጅማ ከተማ የተተከለችበት ህርማታ ገና ከተማ ሳይሆን የሐሙስ ገበያ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ በጊቤ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ቆመዋል፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። ጅማን በ1830 እ.ኤ.አ. ገደማ ያደራጁት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ከገበያው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ጅሬን ኮረብታ ላይ ተሠራ። ከቦንጋ፣ ከዳውሮ፣ ከሊሙ የሚመጡ የነጋዴ መንገዶች ህርማታ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያም አንዱ መስመር በጎጃሙ ባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ምጽዋ ይወጣል። ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ በዚያ ክፉ ዘመን ባሪያውም ጭምር በዚህ መንገድ ይወጣ ነበር። በምላሹ አሞሌ ጨው፣ ማርትሬዛ ብር፣ ጨሌና ጨርቅ ይገባል። የጅማ ልብስ ታሪክ ከዚህ ልውውጥ ተነጥሎ አይታይም።

ጥጥ ለሁሉም ከመዳረሱ በፊት አብዛኛው ድሃ ቆዳ ይለብስ ነበር። የፍየል ወይም የከብት ቆዳ ይፋቃል፣ ቅቤ ይጠጣል፣ በእጅና በእግር እየታሸ እንደ ጨርቅ እስኪለሰልስ ድረስ ይለፋል። ሥራው የፋቂዎች ነው። ሴቶች ከወገብ በታች የሚያገለድሙት ቆዳ ዳር ዳሩ በዛጎልና በጨሌ ይጌጣል። ዛሬ መድረክ ላይ የሚታየው የቆዳ ቀሚስ የዚህ ትዝታ ነው። ብዙ ሰው ይህን ልብስ ሲያይ ምንም የውጭ ነገር ያልነካው፣ ከጫካው የወጣ ጥንታዊ ልብስ ነው ይላል። ዛጎሉ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች የመጣ ነው፤ ከመስታወት የተሠራው ጨሌም ከአውሮፓ፣ ብዙው ከቬኒስ ነው። ባሕር አይታ የማታውቅ የጌራ ወይም የቦንጋ ሴት የባሕር ማዶ ንግድን በወገቧ ዙሪያ ታጥቃ ትሄድ ነበር ማለት ነው።

ጥጡስ? ጥጥ የሚበቅለው ቡናው በሚወደው ወይና ደጋ ሳይሆን በቆላው፣ በጎጀብና በኦሞ ሸለቆዎች በኩል ነው። ከዚያ እስከ ሰው ትከሻ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ግማሹን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ፍሬውን በመዳመጫ ይለያሉ። ጥጡን በደጋን እየነደፉ ባዘቶ ያደርጉታል። ከዚያ እንዝርት ይነሳል፤ አንዱ እጅ ባዘቶውን ይስባል፣ ሌላው እንዝርቱን ያሾራል፣ ክሩ እየቀጠነ ይጠመጠማል። ጥሩ ፈታይ ለድር የሚሆነውን ጠበቅ፣ ለማግ የሚሆነውን ላላ አድርጋ ትፈትላለች። ልዩነቱን የሚያውቀው ሸማኔው ነው። ድሩ ከላላ ገና ሳይሠራ ይበጠሳል፣ ማጉ ከጠበቀ ደግሞ ጋቢው ይደርቅና ሙቀት አይሰጥም።

ሸማኔው ወንድ ነው። መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። እዚያ ታች በእግር ጣቶቹ የያዛቸውን ገመዶች እየረገጠ ድሩን ወደ ላይና ወደ ታች ይከፍላል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ በክፍተቱ ይፈተለካል፣ ማጉ ይመታል፣ መወርወሪያው ይመለሳል። የጨርቁ ስፋት ሸማኔው እጁን ዘርግቶ መወርወሪያውን ከሚቀበልበት አያልፍም፤ ነጠላም ሆነ ጋቢ መሐሉ ላይ ርዝመቱን ተከትሎ ስፌት የሚታይበት በዚህ ምክንያት ነው። ለጥለቱ የሚሆን ባለቀለም ክር ማግኘት ድሮ ቀላል አልነበረም። ከውጭ የመጣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ ይተረተርና ክሩ እንደገና ለጥለት ይውላል። አንድ ጣት የማይሞላ ቀይ ጥለት የሕንድን ወይም የአውሮፓን ሸማኔ ሥራ አፍርሶ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ለጅማ ኦሮሞ የሚሸምነው ሰው ብዙ ጊዜ የጅማ ኦሮሞ አልነበረም። ከጎጀብ ማዶ ዳውሮና ኮንታ አሉ። የሽመና ሙያ ከዚያ ሰዎች ጋር ወደ ጅማ ገባ፤ አንዳንዱ በፈቃዱ፣ አንዳንዱም በጦርነትና በባርነት ተገዶ። ሙያው እስከ ዛሬም በከተማው የዳውሮ ተወላጆች ስም ይነሳል። አዲስ አበባም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። የሽሮ ሜዳን ጥበብ የሸመኑት በአብዛኛው ከጋሞ ደጋ የወጡ ሰዎች ናቸው። በሸዋ ሠርግ ላይ «የአበሻ ቀሚስ» የሚባለው በጋሞ እጅ ይሠራል፤ በጅማ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ያለው ቡሉኮም ከዳውሮ ጉድጓድ ይወጣል። ልብሱ በለባሹ ስም ይጠራል እንጂ በሠሪው አይጠራም። ይህ የአገራችን የልብስ ታሪክ ትልቁ ጉድለት ይመስላል።

ጉድለቱ ከንቀት የመጣ ነው። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂና ሸክላ ሠሪ የሚሠሩት ዕቃ ይፈለጋል፣ እነሱ ግን ከማዕድ ይገፋሉ። ነገሩ እስከ ቤተ መንግሥት የተሰማ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በአዋጁ ከተነሡት ተሰዳቢዎች መካከል ሸማኔው አለ። አዋጁ ስድቡን ከአፍ ሁሉ አላጠፋውም፤ ዛሬ በሸማ ንግድ የሚከብረው ነጋዴ እንጂ ሸማኔው አለመሆኑ ለዚህ ምስክር ነው።

ከታች ወደ ላይ ሲወጣ የሚለወጠው የጨርቁ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ማን ምን ማድረግ ይፈቀድለታል የሚለውም ነው። በጊቤ መንግሥታት የወርቅ ቀለበት የንግሥና ምልክት ነበር፤ ማንም ገንዘብ ስላለው ብቻ አያጠልቀውም። ከጎጀብ ወዲያ ማዶ በነበረው የከፋ መንግሥት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከር ነበር። ታቶ የሚባለው የከፋ ንጉሥ ዘውድ በሰጎን ላባ ያጌጠና ግንባሩ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ጌጥ ያለበት ነው። ጌጡ ቦረናዎች በሥርዓታቸው ግንባር ላይ ከሚያስሩት ከላቻ ጋር ይዛመዳል። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. በምኒልክ የጦር አለቃ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፈው ሲማረኩ ዘውዱም አብሮ ተማረከ። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወደ አገሩ ወሰደው፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ከንጉሥ የተወሰደ ዘውድ በዚህ ልክ መነጋገሪያ ሲሆን፣ ተራው ከፋ በዚያን ቀን ምን እንደለበሰ ግን ማንም ግድ አልነበረውም። ስለ ተራው ሰው ኑሮ ለምናውቀው የምናመሰግነው ኦስትሪያዊውን ፍሪድሪክ ቢበርን ነው። ከድሉ ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ከፋ ተጉዞ የሕዝቡን አኗኗር በሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል፤ የሰበሰባቸው ዕቃዎችም ቪየና ውስጥ ይገኛሉ። የከፋ ሰው የአያቶቹን ዕቃ ለማየት ቪዛ መጠየቅ አለበት።

ከድሉ በኋላ የመጣው የሰሜን መኳንንትና ወታደር የራሱን የልብስ ሕግ ይዞ መጣ። ካባ፣ ለምድ፣ ጃኖ ከንጉሥ ተሰጥቶ እንጂ ተገዝቶ አይለበስም። ነጠላ ብቻ ያለው ሰው እንኳ በአለባበሱ ብዙ ይናገራል። ከበላይ ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያደገድጋል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ መስቀለኛ ያጣፋል። ሐዘን ላይ ከሆነ ጥለቱን ዘቅዝቆ ይለብሳል። በዚህ ሥርዓት ያላደገ ሰው አንድ ጊዜ ቢሳሳት ባለጌ ይባላል። ቦንጋና አካባቢዋ ይህን ፈጥነው ለመማር ተገደዋል።

ጅማ ግን ዕድሏ ሌላ ነበር። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ አስቀድመው ገብረው ሰላም ስለወረዱ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘው ቆይተዋል። በዚያ ግማሽ ክፍለ ዘመን የጅማ ልብስ ከአዲስ አበባ ይልቅ ወደ ባሕር ማዶ ያይ ነበር። እስልምና ከቀዳማዊ አባ ጅፋር ጀምሮ የቤተ መንግሥት ሃይማኖት ሆኖ ወደ ሕዝቡ ሠርጿል። ሐጅ የሄደ ሰው ይዞት የሚመለሰው ዘምዘም ውኃ ብቻ አይደለም። ጀለቢያው፣ ጥምጥሙ፣ ኮፊያው የተማረ፣ የተጓዘ፣ የከበረ ሰው ምልክት ሆነ። ገበያው ላይ ደግሞ አቡጀዲድ ደረሰ፤ ያልነጣ፣ ርካሽ፣ በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ። ቆዳ ለባሹን ድሃ ወደ ጨርቅ ለባሽነት የቀየረው ከማንም በላይ አቡጀዲድ ነው። ለሸማኔው ግን ጥሩ ጎረቤት አልሆነለትም፤ ተራውን ልብስ ወስዶበት ጋቢን፣ ቡሉኮንና የበዓል ልብስን ብቻ ተወለት።

አባ ጅፋር ሲሞቱ ጅማ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባች። ጥቂት ቆይቶ ጣሊያን መጥቶ ከተማዋን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት። ካኪ፣ ኮት፣ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ በስፋት የታየው ከዚህ ወዲህ ነው። ከነጻነት በኋላ የቡና ዋጋ ሲያንሰራራ ጅማ፣ አጋሮና ሊሙ ገነት ከየአቅጣጫው ነጋዴና ሠራተኛ ጠሩ። ጉራጌው ሱቅ ከፈተ፤ የመናዊው ጨርቅ አስመጣ፤ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ሲንጀር መኪናውን ዘርግቶ ከሁለቱም ጋር ሠራ። ልብስ በእነዚህ ከተሞች ወቅት አለው። የሚገዛው ቡና ሲደርስ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማው ሲጧጧፍ የገበሬው እጅ ብር ይይዛል። የልጆች ጫማ፣ የሚስት ቀሚስ፣ የአባት ጋቢ ያኔ ይገዛል፤ ሠርግም ወደዚያው ይጠጋል። ቡና በከሸፈበት ዓመት የልብስ ሱቁ ከእርሻ ቢሮ ቀድሞ ያውቃል።

ታዲያ ዛሬ «የብሔረሰቡ ባህላዊ ልብስ» የሚባለው መቼ ተወለደ? በእርግጥ ጨርቁ፣ ጨሌው፣ ቆዳው የቆዩ ናቸው። አንድ ሕዝብ በአንድ ወጥ ልብስ ይታወቅ የሚለው ሐሳብ ግን የመድረክ ልጅ ነው። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። በ1980 ዓ.ም. ዓለምን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ የባህል ቡድን የዚህ ሁሉ ጫፍ ነበር። ተወዛዋዥ ከአንድ ጭፈራ ወደ ሌላው ሲሸጋገር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ልብስ መቀየር አለበት፤ ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካችም ወዲያው «ይሄ እገሌ ነው» ማለት አለበት። ስለዚህ ልብሱ ቀለሙ ይደምቃል፣ ምልክቱ ይጎላል፣ ቅንጥብጣቢው ይቀራል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር 29 የሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ይህንን አካሄድ የየክልሉና የየዞኑ ሥራ አደረገው።

ውጤቱን በጅማ የባህል ልብስ ሱቆች ማየት ይቻላል። በነጭ ላይ ጥቁርና ቀይ ጥለት ያለው፣ የኦዳ ዛፍ የታተመበት የኦሮሞ ልብስ በአንድ በኩል ተሰቅሏል። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ሰንበር ያለው፣ ወላይታና ጋሞም የሚኮሩበት የዳውሮ ዱንጉዛ በሌላ በኩል አለ። ሐሰት ነው የሚል ካለ ቸኩሏል። ሰዎች ሲለብሱት ደስ ይላቸዋል፣ ሲዳሩበት ያምርባቸዋል፣ ልጅ የወላጆቹን ማንነት ያውቅበታል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በባህል ቀን ለብሶት ሲወጣ የሚሰማው ኩራት እውነተኛ ነው። ቅር የሚያሰኘው ሌላ ነው። ልብሱ ድንበር እየተሰመረለት ሲሄድ፣ ዳውሮ ለኦሮሞ የሸመነው፣ ኦሮሞ ከከፋ የገዛው፣ ሁሉም ከነጋዴው የወሰዱት ይረሳል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት ዳውሮ፣ ከፋና ኮንታ በአንድ ክልል፣ ጅማ በሌላ ክልል ውስጥ ሆኑ። ጎጀብ የክልል ወሰን ሆነ፤ ለሽመናና ለገበያ ግን ድልድይ ነው።

የሸማኔው እውነተኛ ተቀናቃኝ ደግሞ የጎረቤት ብሔረሰብ አይደለም። ከውጭ በጥቅል የሚመጣ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመበት ፖሊስተር ነው። ከሩቅ ሲታይ ከእጅ ሥራ አይለይም፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ለማጠብም ይቀላል። ኑሮ የከበደው ሰው ቢገዛው አይፈረድበትም። ነገር ግን የእጅ ሥራ ነው ተብሎ በእጅ ሥራ ዋጋ ሲሸጥለት ይጭበረበራል፤ ሸማኔውም እንጀራውን ያጣል።

ጅማ የሚሄድ አንባቢ በሐሙስ ቢሄድ ይመከራል፤ ገበያው የሚደምቀው ዛሬም በዚሁ ቀን ነው። ጋቢ ወይም ባለጥለት ነጠላ ሲገዛ ጨርቁን ገልብጦ ጀርባውን ይይ። ጥለቱ ከጀርባም ክሩ እየተጎነጎነ የሚታይ ከሆነ የእጅ ሥራ ነው፤ ቀለሙ ከፊት ደምቆ ከኋላ ከደበዘዘ የታተመ ነው። መሐሉ ላይ የማያያዣ ስፌት መኖሩን፣ ዳሩም ትንሽ ወጣ ገባ ማለቱን ያስተውል። ከዚያም ሻጩን «ማን ሸመነው? ከየት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያለው ነጋዴ ሸማኔውን የሚያውቅ ነጋዴ ነው፤ ገንዘቡን ለእሱ ይስጥ።